ጎንደር ላይ የአይሁድ በጎ አድራጎት የሕክምና ማዕከል ለመክፈት፦ ደረጃ በደረጃ

“ጎንደር ላይ ክሊኒክ መክፈት እንፈልጋለን፤ ከየት እንጀምር?” ጥያቄው ከነታንያም፣ ከረሖቮትም፣ ከዋሽንግተንም ይመጣል። ጠያቂው ብዙ ጊዜ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀምሯል። አንዳንዱ የሕንፃ ንድፍ ሁሉ አሠርቷል። ፈቃዱን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ግን ገና አልጠየቀም። እያንዳንዱን ሰው በስልክ ከማድከም ብዬ መልሱን እዚህ ጽፌዋለሁ።

መመሪያው በዋናነት እስራኤል ውስጥ በዓሙታ (በተመዘገበ ማኅበር) ለተደራጃችሁ ነው። አሜሪካ ያላችሁም የእስራኤል መሥሪያ ቤቶች ከተጠቀሱበት በቀር ሁሉም ይሠራላችኋል። ቦታው ጎንደር ሳይሆን ሌላ የኢትዮጵያ ከተማ ከሆነ የክልሉን መሥሪያ ቤቶች ስም ብቻ ቀይሩ። ቅጾችና መመሪያዎች ስለሚቀያየሩ ሰነድ ከማዘጋጀታችሁ በፊት የዘንድሮውን ዝርዝር ከመሥሪያ ቤቱ ውሰዱ። አምና የመጣ ሰው የላከላችሁን ፎቶ አትመኑ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሰነዶች፦
- የማኅበሩ የምዝገባ ምስክር ወረቀትና መተዳደሪያ ደንብ
- ቦርዱ ኢትዮጵያ ውስጥ ለመሥራት የወሰነበት ቃለ ጉባኤ
- ለኢትዮጵያ ተወካያችሁ የተሰጠ ውክልና
- ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ዕቅድ ከነበጀቱ
- ማኅበሩ ከተቋቋመበት አገር ኤምባሲ የድጋፍ ደብዳቤ

ሰዎች፦
- አዲስ አበባና ጎንደር መመላለስ የሚችል ተወካይ
- የኢትዮጵያን የበጎ አድራጎት ሒሳብ አያያዝ የሚያውቅ ሒሳብ ሠራተኛ
- የክሊኒኩን ፈቃድ በስሙ የሚይዝ ኃላፊ ባለሙያ
- የጎንደርን ሰው የሚያውቅ፣ ሰውም የሚያውቀው ሽማግሌ

ለክሊኒኩ፦
- የውሃ ታንከር፣ ጄኔሬተር ወይም ሶላር ከነባትሪው
- የመድኃኒትና የክትባት ማቀዝቀዣ ከነቴርሞሜትሩ
- ኦቶክሌቭ (መሣሪያ በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳ)፣ የስለት ማስወገጃ ሣጥን፣ የቆሻሻ ማቃጠያ
- የካርድ ክፍል መደርደሪያና መዝገቦች

ገንዘብ፦ ከመክፈቻው ወጪ ሌላ የሁለት ዓመት ማስኬጃ። ይህ ካልተሟላ አትጀምሩ። የተዘጋ ክሊኒክ ካልተከፈተ ክሊኒክ ይከፋል፤ የስኳርና የደም ግፊት ታካሚ መድኃኒቱን ከእናንተ መውሰድ ከለመደ በኋላ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ደረጃ 1፦ የጎደለውን ነገር ሄዳችሁ እዩ

ጎንደር ሐኪም አልባ ከተማ አይደለችም። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአካባቢው ትልቁ ሪፈራል ነው፤ የሕክምና ትምህርት ቤቱም ሥሩ እስከ 1954 እ.ኤ.አ. ድረስ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ከዚያ በታች ያለው ነው፤ ቅርብ ቦታ፣ መድኃኒት፣ ላቦራቶሪ፣ ከገጠር መጥቶ የሚያድርበት የሌለውን ሰው የሚያስተናግድ።

ወደ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ግቡና የኃላፊውን ቢሮ ግድግዳ ተመልከቱ። የዓመቱ ዐሥር ዋና ዋና በሽታዎች ዝርዝር ተለጥፎ ታገኛላችሁ። አጠገቡ ጤና ጣቢያው የሚያገለግለው የሕዝብ ብዛት፣ የወሊድና የክትባት ሽፋን በሠንጠረዥ አለ። ያንን ወረቀት ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ ጠይቁ። ቴል አቪቭ ተቀምጦ ከሚሠራ ጥናት ይበልጣል።

ከዚያ ፋርማሲውን ጠይቁ፦ “ባለፈው ሩብ ዓመት ምን ምን አልቆባችሁ ነበር?” ላቦራቶሪውንም ጠይቁ፦ “የትኛውን ምርመራ ወደ ውጭ ትልካላችሁ?” የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን አነጋግሩ። ቤት ለቤት የሚዞሩት እነሱ ናቸው፤ ማን ቤቱ ተኝቶ እንደሚሰቃይ ያውቃሉ።

አካባቢውም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ጎንደር ከተማ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ወባ ዋና ችግሯ አይደለም። ወደ ደምቢያ ሜዳ ስትወርዱ ግን ወባ አለ። መተማ በኩል ደግሞ ካላዛር (የአሸዋ ዝንብ የሚያስተላልፈው በሽታ) ይጨመራል። ታካሚያችሁ ከየት እንደሚመጣ ሳታውቁ የላቦራቶሪ ዕቃ አትግዙ።

ጆይንት (የአሜሪካ አይሁዳውያን የዕርዳታ ድርጅት) ጎንደር ውስጥ ወደ እስራኤል ለመሄድ ለሚጠባበቁ ወገኖች ሕክምና ሲሰጥ ቆይቷል። ሌሎችም አሉ። ማን ምን እንደሚሠራ አጣርታችሁ እነሱ ያልደረሱበትን ያዙ። አንድ ሕፃን ሁለት ቦታ ካርድ አውጥቶ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ሲወስድ ጉዳቱ የሕፃኑ ነው።

ደረጃ 2፦ ከሦስቱ መንገዶች አንዱን ምረጡ

ሀ. አሁን ያለ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ውስጥ ገብቶ አንድ ክፍል ማጠናከር። ለምሳሌ ላቦራቶሪውን፣ የዓይን ክፍሉን ወይም የማዋለጃውን።

ለ. እንደ ውጭ ድርጅት ተመዝግቦ የራስ ክሊኒክ መክፈት።

ሐ. በኢትዮጵያውያን፣ ወይም ኢትዮጵያ ውስጥ በሚኖሩ የውጭ ዜጎች፣ ወይም በሁለቱ በጋራ የሚቋቋም የሀገር ውስጥ ድርጅት መመሥረትና ከእስራኤል መደገፍ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት “ሀ” ይሻላል። ምክንያቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ወሊድ፣ ክትባትና የቲቢ ሕክምና በነፃ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር የያዘው ገበሬም የሚታከመው እዚያ ነው። እናንተ ከጎኑ ሌላ ክሊኒክ ብትከፍቱ ደብተሩ እናንተ ዘንድ ላይሠራ ይችላል። ቀድሞ በነፃ የነበረውን ነገር በራሳችሁ ወጪ ትደግሙታላችሁ።

“ለ” የሚጠቅመው መንግሥት ጨርሶ የማይሰጠውን አገልግሎት ስታመጡ ነው። “ሐ” ደግሞ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ የሚኖሩ የምታምኗቸው ሰዎች ካሏችሁ። ዘመድ ስለሆነ ብቻ ቦርድ ውስጥ ማስገባት ግን ኋላ ዘመዱንም ክሊኒኩንም ያሳጣችኋል።

ደረጃ 3፦ እስራኤል ያለውን ቤታችሁን አስተካክሉ

ዓሙታ የሚመዘገበው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ባለው ራሻም ሃዓሙቶት (የማኅበራት መዝጋቢ) ነው። የዓላማው አንቀጽ ላይ ከእስራኤል ውጭ የሕክምና ሥራ መሥራት በግልጽ መጻፉን አረጋግጡ። “የማኅበረሰቡን አባላት መርዳት” የሚል ደንብ ይዛችሁ ጎንደር ላይ ገንዘብ ብታወጡ ጥያቄ ይነሳባችኋል።

የኒሁል ታኪን (የትክክለኛ አስተዳደር) ማረጋገጫ ብዙ ለጋሾች ቀድመው የሚጠይቁት ወረቀት ነው። በሰዒፍ 46 (በእስራኤል የገቢ ግብር ሕግ አንቀጽ 46) የግብር ቅናሽ ለለጋሾቻችሁ ቃል ከመግባታችሁ በፊት ሥራው ከአገር ውጭ መሆኑን ለሒሳብ አዋቂያችሁ ንገሩት። የተገባ ቃል ሲታጠፍ ለጋሽ አይመለስም። አሜሪካ ያላችሁ ይህን ጣጣ በፋይቭ ኦ ዋን ሲ ስሪ (ከግብር ነፃ በሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት) በኩል ነው የምታልፉት፤ እዚያም ውጭ ለሚወጣ ገንዘብ ቁጥጥር ማሳየት ግዴታችሁ ነው።

ደረጃ 4፦ ሰነዱን አረጋግጡ፣ አዲስ አበባ ተመዝገቡ

ይህ ደረጃ “ለ”ን ለመረጣችሁ ነው። “ሀ”ን የመረጣችሁም ቢሆን ቋሚ ሠራተኛና የባንክ ሒሳብ ካሰባችሁ መመዝገባችሁ አይቀርም።

የሚመዘግባችሁ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው፤ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1113/2011። ከላይ የዘረዘርኳቸው አምስት ሰነዶች ከዚህ የመጡ ናቸው። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ፦

1. ሰነዱን እስራኤል ውስጥ ኖታሪ ያረጋግጥ፤ ወደ አማርኛ ወይም እንግሊዝኛ ይተርጎም።
2. የእስራኤል ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ይኑረው።
3. በእስራኤል ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ያረጋግጠው።
4. አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም ሰነዶች ማረጋገጫ ይግባ።
5. ከዚያ ወደ ባለሥልጣኑ።

ማስጠንቀቂያ፦ አፖስቲል (ዓለም አቀፍ የሰነድ ማረጋገጫ ማኅተም) ብቻ ይዛችሁ አትሳፈሩ። የኤምባሲውን ማረጋገጫ ሳይዝ አዲስ አበባ የደረሰ ሰው ያለው አማራጭ ሰነዱን መልሶ መላክ ነው።

ስማችሁ በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት ይጻፍ። የዕብራይስጡ ስም በአማርኛ አንዴ “ሐ” ሌላ ጊዜ “ኸ” ሆኖ ከመጣ ሁለት ድርጅት ነው የሚመስለው። የተወካዩም ስም እንደዚሁ ነው። እስራኤል ስትገቡ ስማችሁ ከተቀየረ የድሮውንና የአዲሱን የሚያያይዝ ማስረጃ ያዙ።

በጀቱን ስትሠሩ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢያችሁ 20 በመቶ እንዳይበልጥ አድርጉ፤ አዋጁ ላይ ያለ ገደብ ነው። የነርሷና የጤና መኮንኑ ደመወዝ የፕሮጀክት ወጪ ነው። የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝና የቢሮ ኪራይ ግን አስተዳደር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ዘናጭ ቢሮ አትከራዩ።

ደረጃ 5፦ ከክልሉ ጋር ስምምነት ፈርሙ

የአዲስ አበባው ምዝገባ ጎንደር ላይ በሽተኛ ለማየት አይበቃም። ከአማራ ክልል ጤና ቢሮና ከገንዘብ ቢሮ ጋር የፕሮጀክት ስምምነት ትፈርማላችሁ። ሁለቱም ባሕር ዳር ናቸው። የዕለት ተዕለት ሥራችሁ ግን ከጎንደር ከተማ ጤና መምሪያ ጋር ስለሆነ ቀድማችሁ ከእነሱ ጋር ተነጋገሩ። ከላይ ተፈርሞ የወረደ ፕሮጀክት ታች ያሉትን አያስደስትም።

ጊዜውን አስቡበት። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዕቅዳችሁ ውስጥ መንግሥት የሚያዋጣው ሠራተኛ ወይም ክፍል ካለ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ድረሱ። ከሐምሌ በኋላ ከመጣችሁ “ለሚቀጥለው ዓመት እናያለን” ነው መልሱ።

ስምምነቱ ውስጥ እነዚህ ይጻፉ፦ ጥገናውን ማን ይከፍላል? ሥልጠና የወሰደው ባለሙያ ሌላ ቦታ ቢዛወር ማን ይተካል? ድርጅቱ ሲወጣ ዕቃው የማን ይሆናል? ሦስተኛውን መጻፍ ብዙዎች ያፍራሉ። ሳይጻፍ ሲቀር ግን መጨረሻው ቁልፍ የተቆለፈበት መጋዘን ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት አለ። መንገድ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት ይቋረጣል። ከጉዞ በፊት ያለውን ሁኔታ ከጎንደር ሰው ስሙ። የስኳር፣ የደም ግፊትና የሚጥል በሽታ መድኃኒት ቢያንስ የሦስት ወር መጠባበቂያ ይኑራችሁ። ደመወዝ በእጅ ለመክፈል አስቀድሞ የተፈቀደ ሥርዓትም አዘጋጁ።

ደረጃ 6፦ ቤቱና የክሊኒኩ ፈቃድ

ተከራዩ፤ አትገንቡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በመጀመሪያው ዓመት የተጀመረ ግንባታ ሐኪም ሳይቀጠር ገንዘቡን ይጨርሰዋል። መሬት የመንግሥት ስለሆነም የቦታ ጥያቄው ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ቤት ከመከራየታችሁ በፊት የፈቃድ መስፈርቱን ከጤና መምሪያው ውሰዱ። ለመጀመሪያ ደረጃ፣ ለመካከለኛና ለልዩ ክሊኒክ የሚጠየቀው የክፍል ብዛት፣ ስፋትና የሠራተኛ ዓይነት ይለያያል። መስፈርቱን በእጃችሁ ይዛችሁ፣ ሜትር ይዛችሁ ቤቱን ዙሩ። የክፍሉ ስፋት፣ የእጅ መታጠቢያው፣ የወንድና የሴት መጸዳጃው፣ በቃሬዛ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚገባበት በር፣ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ቦታ። ማዋለጃ ካላችሁ የእንግዴ ልጅ ጉድጓድም ያስፈልጋል። ውሉን ከፈረማችሁ በኋላ አንድ ክፍል ጠባብ ነው ቢባል ኪራዩን እየከፈላችሁ ግድግዳ ታፈርሳላችሁ።

ጎንደር የውሃ ችግር ያለባት ከተማ ናት። ቧንቧ ስላለ ውሃ አለ ማለት አይደለም። ጎረቤቱን “ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?” ብላችሁ ጠይቁና ታንከሩን በዚያ ልክ ግዙ። ያለ ውሃ ኦቶክሌቭ አይሠራም፣ ቁስል አይጠረግም።

ደረጃ 7፦ ሠራተኛ

ለትንሽ ክሊኒክ ጤና መኮንን ወይም ጠቅላላ ሐኪም፣ ነርሶች፣ አዋላጅ ነርስ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ የፋርማሲ ባለሙያ፣ ካርድ ክፍል፣ ጽዳትና ጥበቃ ያስፈልጋችኋል። ትክክለኛውን ቁጥር የፈቃድ መስፈርቱ ይነግራችኋል።

ደመወዝ ከመንግሥት እጅግ አታስበልጡ። ከጤና ጣቢያው ጎበዟን አዋላጅ በእጥፍ ደመወዝ ብትወስዱ አካባቢው ያተረፈው ነገር የለም፤ እናቶቹ ያለ አዋላጅ ይቀራሉ። ከዚያ የተሻለው አዲስ ተመራቂ ቀጥሮ ማሠልጠን ነው። ደመወዙ በብር ይሁን፤ በጀታችሁ ግን በሰቅል ወይም በዶላር ስለሆነ በየዓመቱ እንደገና አስሉት። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር ብዙ ስለወረደ የድሮ በጀት አይሠራም።

የእስራኤል ወይም የአሜሪካ ሐኪም ለበጎ ፈቃድ ሲመጣ ጊዜያዊ የሙያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ዲፕሎማው፣ የሙያ ፈቃዱና ፈቃዱን ከሰጠው የአገሩ ባለሥልጣን የተሰጠው የመልካም ሥነ ምግባር ደብዳቤ ቀድሞ ይላክ። የቱሪስት ቪዛ ይዞ ገብቶ በሽተኛ መንካት ክሊኒኩን ያዘጋል። ለአጭር ጊዜ የሚመጣ ሐኪም ደግሞ ብቻውን ከማከም ይልቅ ከአገሬው ባለሙያ ጋር አብሮ ቢያይ ይሻላል። እሱ ሲሄድ ሙያው ይቀራል።

ደረጃ 8፦ መድኃኒትና ዕቃ ማስገባት

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። በመጀመሪያ ከአገር ውስጥ ግዙ። እዚህ የማይገኘውን ብቻ አስገቡ።

የሚገባ መድኃኒት ሁሉ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቅድመ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ነው የሚወጣው። ስጦታ ቢሆንም ያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የስጦታ መድኃኒት መመሪያ የሚለውን ተከተሉ፦ እዚህ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የአገልግሎት ዘመን ይቅረው፣ በዓለም አቀፍ ስሙ ይጻፍ፣ ከበሽተኛ ቤት የተመለሰ መድኃኒት አይሁን። ከኩፓት ሖሊም (ከእስራኤል የጤና መድን ተቋም) ወስዳችሁ የተረፈውን ግማሽ ብልቃጥ በሻንጣ አታምጡ። የዕብራይስጥ ጽሑፍ ያለበትን ሣጥን ጎንደር ያለ ነርስ እንዴት ያንብበው?

ከቀረጥ ነፃ ለማስገባት የስጦታ የምስክር ወረቀት፣ የዋጋ ዝርዝር፣ የማሸጊያ ዝርዝርና የጭነት ሰነድ በአንድ ስም፣ በአንድ ቁጥር ይምጡ። በባሕር የመጣ ኮንቴይነር ጅቡቲ ወርዶ ብዙ ጊዜ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርሳል። ወረቀቱ ካልተሟላ በየቀኑ የማከማቻ ክፍያ ይቆጥርባችኋል። ሰነዱ ተሟልቶ በጉምሩክ አስተላላፊያችሁ እጅ ሳይገባ መርከብ ላይ አትጫኑ።

ስለ መሣሪያ ጥቂት ነገር፦

- የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው። የእስራኤል ዕቃ በመብራት በኩል ይስማማል፤ ሶኬቱ ግን ይለያል። የአሜሪካ 120 ቮልት ዕቃ ያለ ትራንስፎርመር ይቃጠላል፤ 60 ኸርዝ ብቻ የሚፈልግ ሞተር ያለው ደግሞ በትራንስፎርመርም ላይስተካከል ይችላል።
- መብራት ሲመጣና ሲሄድ ቮልቱ ይዘላል። ስታቢላይዘር ሳይኖር ምንም ነገር አትሰኩ።
- የኦክሲጅን ማምረቻ ማሽን በስንት ሜትር ከፍታ ድረስ እንደሚሠራ መመሪያው ላይ ተጽፏል። ጎንደር ከፍታ ላይ ስለሆነች አንብቡት።
- የላቦራቶሪ ማሽን የራሱን ኬሚካል ብቻ የሚቀበል ከሆነ ኬሚካሉ አዲስ አበባ መሸጡን አረጋግጡ። ካልተሸጠ ማሽኑ የግድግዳ ጌጥ ነው።
- ማቀዝቀዣው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል መሆኑ በቀን ሁለት ጊዜ ይመዝገብ። ኢንሱሊን በረዶ ከነካው አበቃ።

ደረጃ 9፦ አይሁዳዊነቱን በሥራ አሳዩት

“አይሁዳዊ ማዕከል” ማለት አይሁዳውያን ብቻ የሚታከሙበት ማለት አይደለም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል ተራ ይይዛል። ይህን በደንባችሁም በበሩም ላይ ጻፉት። ሠራተኛ በሽተኛውን ስለ ሃይማኖቱ አይጠይቀውም። ካርዱ ላይም አይጻፍም።

ከዚህ የሚከብደው ሰንበት ነው። ቅዳሜ የጎንደር ትልቁ የገበያ ቀን ነው። የገጠሩ ሰው በቆሎውንና ዶሮውን ይዞ የሚገባው፣ በዚያውም የሚታከመው ያን ዕለት ነው። ቅዳሜ የተዘጋ ክሊኒክ ከሳምንቱ ሰው የሚበዛበትን ቀን አጣ ማለት ነው። ነፍስ ማዳን፣ ፒኩዋሕ ኔፌሽ፣ ሰንበትን እንደሚሽር የታወቀ ነው። የዕለት ተዕለት ሕክምናው ግን ሌላ ጥያቄ ስለሆነ ሥራ ሳትጀምሩ የቤተ እስራኤል ቄሳችሁን ወይም ራባያችሁን ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። በተግባር የሚሠራው ቅዳሜን በአይሁዳዊ ያልሆኑ ባለሙያዎች ኃላፊነትና ተራ ማደራጀት፣ ገንዘብ ነክ ሥራውን ደግሞ ለእሑድ ማስተላለፍ ነው። በአይሁድ በዓላት በዮም ኪፑርና በስግድም የተረኛው ስም አስቀድሞ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

የሕክምናው ግቢ የትምህርትና የጸሎት ቦታ አይሁን። ከምኩራቡ ጋር አንድ አጥር ውስጥ ብትሆኑ እንኳ በሩ ይለይ። ወደ እስራኤል ከመሄድ ጉዳይ ጋርም ፈጽሞ አታገናኙት። ካርድ ያወጣ ሰው ስሙ ዝርዝር ውስጥ የገባ ከመሰለው ጤነኛው ሁሉ ይሰለፋል፤ የሚሄድበት ቀን የቀረበ የመሰለው ደግሞ ሳሉን ይደብቃል። የሕክምና መዝገብ ለማንም የኢሚግሬሽን ሥራ አይሰጥም።

ለምረቃው ግብዣ የጾም ምግብ አቅርቡ። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን ሥጋ አይበላም፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን፣ እናንተም የሁለቱንም። ሽሮና ምስር፣ ድንችና ጎመን ከሆነ ሁሉም አንድ ገበታ ይቀርባል። ቀኑም ቅዳሜ አይሁን።

ደረጃ 10፦ በነፃ ይሁን ወይስ በክፍያ?

ሁሉም በነፃ ሲሆን መክፈል የሚችለው ቀድሞ ይሰለፋል። ከሩቅ የመጣችው እናት ተራ ሳይደርሳት ትመለሳለች። አነስተኛ የካርድ ክፍያ አድርጉ፤ የነፃ ሕክምና ወረቀት ከቀበሌ ያመጣ ሰው አይክፈል። ወረቀት የሌለውን ችግረኛ ለማስተናገድ ለኃላፊዋ ነርስ በወር የተወሰነ ገንዘብ በእጇ ስጧት፤ በፊርማ እያወራረደች ታሳልፋለች።

ሪፈር የተባለ በሽተኛስ? ከዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ጋር የሪፈር ስምምነት ይኑራችሁ። የትራንስፖርትና የአስታማሚ ወጪ የሚሸፍን መስመር በጀት ውስጥ ይግባ። የልብ ሕመም ያለበት ሕፃን ሲገኝ እስራኤል ሆሎን ከተማ በሚገኘው ቮልፍሶን ሆስፒታል የሚሠራው ሴቭ ኤ ቻይልድስ ሃርት አንዱ በር ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ታካሚዎቹ መካከል የኢትዮጵያ ሕፃናት ነበሩ። ግን ለቤተሰቡ ቃል አትግቡ። ምርመራው ተልኮ መልስ እስኪመጣ ዝም ማለት ይሻላል።

ደረጃ 11፦ ሪፖርት

ለጤና መምሪያው የየወሩ የጤና መረጃ፣ ለባለሥልጣኑ የዓመት የሥራና የኦዲት ሪፖርት፣ ለራሻም ሃዓሙቶት የራሱ ሪፖርት። የበጀት ዓመታችሁ ሲያልቅ ኦዲቱን በሦስት ወር ውስጥ ጨርሱ። የእስራኤሉ ሒሳብ በጃንዋሪ፣ የክልሉ ዕቅድ በሐምሌ ስለሚጀምር ሒሳብ ሠራተኛችሁ ከመጀመሪያው ቀን ወጪውን በወር ለይቶ ይመዝግብ። በኋላ መለየት አይቻልም።

ለጋሽ ፎቶ ይፈልጋል። የሕንፃውን፣ የመሣሪያውን፣ ፈቃደኛ የሆነውን ሠራተኛ ላኩ። የታካሚ ፊት፣ በተለይ የሕፃን፣ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አይነሳም። በኤች አይ ቪ ወይም በቲቢ ክፍል በኩል ካሜራ ይዞ ማለፍም አይገባም።

ብዙ የሚታዩ ስሕተቶች

- የለጋሹን ስም የያዘ ሰሌዳ ቀድሞ ማሠራት። በበሩ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው በፈቃዱ ላይ ያለው ስምና ደረጃ ነው። የዕብራይስጡና የእንግሊዝኛው ከሥር ይሆናል።
- ዕቃ ቀድሞ መላክ፣ ባለሙያ ኋላ መፈለግ። አልትራሳውንድ የሚያነብ ሰው ከሌለ አትላኩ።
- ተወካዩን ብቻውን የባንክ ፈራሚ ማድረግ። ሁለት ፊርማ ይሁን፤ ሁለቱም ዘመዳሞች አይሁኑ።
- የቲቢና የኤች አይ ቪ መድኃኒት በራስ መግዛት። የመንግሥት ፕሮግራም በነፃ ይሰጣል፤ በሽተኛውን ወደዚያ አገናኙ።
- የጾሙን ወራት መርሳት። “ከምግብ በኋላ በቀን ሦስት ጊዜ” የተባለ ጾመኛ እስከ ከሰዓት ምንም አይቀምስም፤ መድኃኒቱንም ይተወዋል። በረመዳንም ያው ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ “ይጾማሉ?” ብሎ ጠይቆ የሚቻል ከሆነ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ የሚወሰድ መድኃኒት ይምረጥ።
- የሰዓት ልዩነት። ከውጭ የመጣ ሐኪም “8:00” ብሎ ቢጽፍ በሽተኛው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይውጠዋል። በመድኃኒት ከረጢቱ ላይ ቁጥር ሳይሆን “ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ” ተብሎ ይጻፍ። ፋርማሲዋም ከመስጠቷ በፊት በሽተኛውን “እስቲ መቼ መቼ ነው የሚወስዱት?” ብላ መልሳ ታስነግረው።